የጀልባዋ ጉርጅ

ማክሰኞ
ይሄ ሰው አበደ! ባሌ ካሳ የጀልባውን የመሀል ግድግዳ በመጋዝ ሊያነሳው ነው። ምክንያቱ በሬ። አጎቱ ከተከዜ ሐይቅ ማዶ ለእህቱ ለዝማም ሰርግ ሰንጋ ሰጥተዋል፤ በእግር ዙሪያው ሩቅ ነው። «ግድግዳው ካለ በሬው መቆሚያ የለውም» አለኝ። ለምን እንደተሠራ ጠየቅኩት። «ዓሣ ማስገር ስንሠለጥን ነግረውን ነበር፤ ስሙም ሥራውም ጠፋኝ» ብሎ እየሳቀ፣ መጋዙን ይዞ ወደ ማዶ ቀዘፈ። እኔ አልሳቅኩም። ዋና አይችልም።

ረቡዕ
አማቼን መሪጌታን ጠየቅኳቸው። «በሬ በጀልባ? ኖኅ ነኝ አለ እንዴ?» አሉ። ቀጥለው ግን «የኖኅም መርከብ ጉርጅ ነበራት፣ ልጄ። ክፍል ክፍል ማለት ነው» አሉኝ። ቤት ገብቼ ጎተራችንን ሳይ ገባኝ። መሀሉ የተከፈለው ነቀዝ ገብሱን ቢይዘው ማሽላው እንዲተርፍ አይደል? ውሃም እንደ ነቀዝ ነው።
ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

ሐሙስ
ነፋስ። ስልኩ አሁንም ዝም። ሽሮው ላይ ሁለቴ ጨው ጨመርኩ። በሬውንም አጎትየውንም ረገምኩ። ለሚካኤል ጧፍ ተሳልኩ። ዝማም «አይዞሽ» ትለኛለች፣ እሷም ደጁን ደጁን እያየች።

ዓርብ
መጣ! እንደረጠበ፣ በአንድ እግር ጫማ።
በሬው ሰኮናውን እንኳ ውሃ አላስነካም አሉ። ጎተቱት፣ ገፉት፣ ለመኑት፤ የአጎቱን ልጅ ጭቃ ላይ ዘረረው። ካሳ ተናዶ መጋዙን ሳይነካ ብቻውን ተመለሰ፤ በሬው በእግር ተላከ። ሐይቁ መሀል ነፋሱ ጀልባውን ውሃ ከዋጠው ዛፍ ጋር አላተመው። የጀልባው ፊት ተሰነጠቀ፣ የፊተኛው ጉርጅ ውሃ ሞላ። ግድግዳው ግን ያዘ። ካሳ ከኋላው ተቀምጦ እየቀዘፈ ወጣ።
አለቀስኩ፤ ሰደብኩት፤ አበላሁት።

ቅዳሜ
በሬው ደረሰ፣ አቧራ ለብሶ። ነገ ሰርግ ነው፣ ዳሱ ተጥሏል፣ ቢላዋው ተስሏል። ማንም አያነሳውም።
«ወንድሜን የመለሰልኝን አልበላም» አለች ዝማም።
መሪጌታ ጺማቸውን ዳሰሱና «እንግዲያው ፍየሎች ይታረዱ» አሉ። አጎትየው ስጦታቸው ቆሞ ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን? ቅር ይላቸዋል፣ አውቃለሁ። ይበላቸው።
ካሳ ጓሮ ነው። እያፏጨ በሬውን ውሃ ያጠጣዋል።