ሦስት ተጨማሪ መጻሕፍትና አንድ የቆሰለ ፈረሰኛ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

የምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እማዬ ደህና ናት፤ ደረጃው ላይ ጉልበቷን ይዛ ሊፍቱን አላስጠግን ያሉትን አከራዮች ትረግማለች። እኔ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ይህንንም የምጽፍልህ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት የአራሚዎች ክፍል፣ ቆሜ ነው።

ያስተማርከን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ እየጣልን የምንጫወተው የፈረሰኞችና የግንቦች ጨዋታ አሁንም እሑድ እሑድ አለ። ጨዋታውን የሚመራው ዳኛችን ያው ጓደኛህ ነው። በዋናው የደንብ መጽሐፍ ላይ ሦስት ተጨማሪዎች ገዛን፤ ስለ ቁስል፣ ስለ ከበባ፣ ስለ መሐላ። ሦስቱ አይስማሙም። የቆሰለ ፈረሰኛ በአንዱ ሰባት ቀን ይተኛል፤ በሌላው ግንቡ ከተከበበ በማግስቱ ይነሣል፤ በሦስተኛው መሐላ ካለበት ጭራሽ አይተኛም። ዳይስ ከመጣል ይልቅ ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ መስመር በመስመር አስታርቄ አንድ መጽሐፍ አደረግኋቸው። ሌሎች ቡድኖችም እንዲጠቀሙበት ይታተም ተባለ፤ ዳኛውን «እኛ ማተሚያ ቤት አምጣው» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ትናንት ሽፋኑና ገጾቹ ለእርማት ጠረጴዛዬ ላይ መጡ። ሽፋኑ ላይ አዘጋጅ ከሚለው ሥር የዳኛው ስም ብቻ! እኔ መጨረሻው ገጽ ላይ «ለትየባ ትብብሯ» ተመስግኛለሁ።

ደወልኩለት።

«አንቺ ደግሞ! ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው መልስልኝ። መሐላ ያለበት ፈረሰኛ በከበባ መሐል ቢቆስል ስንት ቀን ይተኛል?»

ገጽ ሲገልጥ ይሰማኛል።

«ገጽ አርባ አንድ ላይ ነው፤ አትልፋ» አልኩት።

«እሺ፣ ጎበዝ ነሽ፤ ማን ካደ? ወንድምሽን ጠይቄዋለሁ፤ ስሟ ባይወጣ ቅር አይላትም ብሏል።»

መልእክቱንም ላከልኝ። አራት ነጥብ የማያውቀው የአንተው አጻጻፍ ነው።

ቅር ብሎኛል፣ ወንድም ጋሼ። ምናልባት ሥራ በዝቶብህ ሳታነበው መልሰህለት ይሆናል። እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነው ለእማዬ ያልነገርኳት።

እዚህ አራሚ ካልፈረመ ምንም ነገር ማሽን ላይ አይወጣም። ስሙን አውጥቼ የራሴን ባስገባ ማንም አያየኝም ነበር፤ ግን እንደ እሱ አልሆንም። ጠዋት ኃላፊው መጥቶ «ይሄ መጽሐፍ ምን ሆኖ ዘገየ?» አለኝ።

«ስሕተት አለበት።»

«የት ጋ?»

«ሽፋኑ ላይ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ በስልክ እልክልሃለሁ፤ ለዳኛው እስከ ነገ ቀትር እውነቱን ጻፍለት። ባትጽፍም አልለምንህም፤ ሥራዬን ቢያስለቅቁኝም አልፈርምለትም።

በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፤ ብርዱም አይጉዳህ። ለጊዜው የምፈርመው ከዚህ ወረቀት ሥር ብቻ ነው።

እህትህ