ሮም ድረስ የተጓዘ ልቅሶ

ለባለቤቴ ለየሻረግ፣

ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ እያልሁ ይህን ጻፍሁልሽ። ከተለያየን ሁለት ክረምት ወጥቶ ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ለሙታን ጸሎት እንጂ ደብዳቤ አይደርስም ይሉ ይሆናል የንስሐ አባታችን። እኔ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው ይከለክሉኛል ብዬ ነው።

ታመሽ በተኛሽበት ጊዜ፣ «ብርቄን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ። በሰው አገር ልቧ እንደኛው ልብ መሆኑን እይልኝ» ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ የትኩሳት ንግግር መስሎኝ እሺ አልሁሽ። አሁን ግን ልጃችንን አይቻት መጣሁ። እሺ ያልሁትን መፈጸም አለብኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ተሸፍኗል። ዝናብ ሲጥል የቅዳሴው ድምፅ አይሰማም እንጂ ያምራል። ከማንኩሳ የተነሣው የመብራት ምሰሶ በደጃችን አልፏል፤ ሽቦው ግን አልመጣም። ዳለቻዋ ላም ወልዳለች። በርበሬው ዘንድሮ ደኅና ነው። አንቺ በጋሪ ትሄጂበት በነበረው በፍኖተ ሰላም መንገድ ባጃጅ በዝቶ ፈረሶቹ እየደነበሩ ነው። መደቡ ላይ ያንቺን ቦታ የልብስ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። አትቆጭ፤ ባዶውን ከማየት ይሻለኛል ብዬ ነው።

ወደ ብርቄ ልመለስ። ሮም ድረስ የሚያስኬደኝን ወረቀቱንም ትኬቱንም እሷው ጨርሳ ላከችልኝ። ሽሮና በርበሬ ቋጥሬ ተነሣሁ። ከስንቁ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ልቅሶው ነው። በእኛ አገር ዘመድ ሞቶባቸው የተለያዩ ሰዎች መጀመሪያ ሲገናኙ ከሰላምታም ከእህል ውኃም በፊት ይላቀሳሉ። ብርቄ መርዶሽን የሰማችው በስልክ ነው። ቀብርሽ ላይ አልቆመችም፣ ሠልስትሽን አልዋለችም። እናም በአውሮፕላኑ ውስጥ ሁሉ የማለቅስበትን ቃል ሳሰናዳ ሄድሁ።

ከሮም አውሮፕላን ማረፊያ በር ወጥቼ ገና ሳያት ጋቢዬን አዘቅዝቄ «እናትሽን ቀብሬ መጣሁልሽ ልጄ!» ብዬ ድምፄን ለቀቅሁት። ሕዝቡ ሁሉ ቆመ። ደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ብርቄ እጄን ይዛ «አባባ፣ ይተዉ፤ እዚህ እንዲህ አይለቀስም። የታመሙ መስሏቸዋል» አለችኝ። ሰዎቹ ጎማ ያለው ወንበር አመጡልኝ። እምቢ ማለቱ ነውር መሰለኝና ተቀመጥሁ። እንግዲህ ዕድሜ ልኬን በርበሬ ስኮተኩት የኖርሁት ሰው ሮም የገባሁት እየተገፋሁ ነው። ልጅሽ ከጎኔ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ሳቋ ያንቺው ሳቅ ነው። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ልቅሶው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ከተማውን ታሳየኝ ጀመር። ኮሎሲየም የሚሉት ክብ የድንጋይ ግንብ አለ፣ ግማሹ ፈርሷል። ሰው ከአውሬ ሲታገል ሕዝብ ተቀምጦ የሚያይበት ነበር አለችኝ። ክርስቲያኖችም ደማቸው ፈሶበታል ሲባል ሰማሁና አማተብሁ። የፈረሰውን ለምን እንደማይጠግኑት አልገባኝም። የኛ ሰፈር ቢሆን ድንጋዩ እስካሁን የሰው ሁሉ አጥር ሆኖ ነበር።

ከዚያ ውኃ የሚፈልቅበት፣ በድንጋይ ፈረሶችና ሰዎች ያጌጠ ትልቅ ምንጭ ወሰደችኝ። ሰዉ ጀርባውን እየሰጠ ሳንቲም ይወረውርበታል። ስለት የሚያገቡ መስሎኝ፣ ውኃውም ጠበል መስሎኝ፣ አማትቤ ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ዘበኛው ፊሽካ ነፋብኝ። ብርቄ አሁንም ሳቀች።

የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውንም ቦታ አየሁት። ሐውልቱ ወደ አገሩ ተመልሷልና ቦታው ባዶ ነው። «የሚታይ ነገር የለውም፣ እንሂድ» አለችኝ። እኔ ግን ካየሁት ሁሉ ብዙ የቆየሁት እዚያ ነው። ባዶ ቦታ ማየት ለምጃለሁ።

በየሄድንበት ታቆመኝና ፎቶ ታነሣኛለች። ያንቺን ስም ግን አታነሣም። እኔም ቀድሜ ማንሣቱ አቃተኝ። ያን ሁሉ ግንብ ሳይ ልቤ ግንቡ ላይ አልነበረም፤ ለየሻረግ ምን ብዬ ልነግራት ነው እያልሁ ነበር። ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ። ሰው ኀዘኑን የሚለካው በጩኸት ነው ያለኝ ማነው? እኔስ ካንቺ መቃብር የተመለስሁ ዕለት ከብቶቹን ውኃ አጠጥቼ አልነበረም?

አንድ ነገር ግን አስተዋልሁ። በየመንገዱ ሰው እያስቆመች አቅጣጫ ትጠይቃለች። ያን ያህል ዓመት የኖረችበት ከተማ! «ኧረ አንች ልጅ፣ መንገድ የምትመሪኝ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ልምራሽ?» ብዬ ቀለድሁባት። «አባባ፣ እኔም እኮ ገና ከእርስዎ ጋር ማየቴ ነው» አለችኝ። የምትኖረው ከአልጋ የማይነሡ አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ታጎርሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች። ከቤት የምትወጣው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ለገበያ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት ፈቃድ የጠየቀችው እኔ ስለመጣሁ ነው።  

በመጨረሻ ቅዱስ ጴጥሮስ የሚሉት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ገባን። የኛ ደብር ከነቅጽሩ ውስጡ ይገባል። ደጁ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። «አባባ፣ እዚህ ማንም አያወልቅም» አለችኝ። ማንም ባያወልቅም ብዬ በእጄ ይዤው ገባሁ።

እንደገባን በስተቀኝ፣ በመስታወት ተከልሎ፣ ከነጭ ድንጋይ የተጠረበ ምስል አለ። እመቤታችን ከመስቀል የወረደውን ልጇን በጭኗ ታቅፋ ተቀምጣለች። በእኛ ሥርዓት የተቀረጸ ምስል አንሳለምምና ራቅ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሰዉ ይጋፋል፣ ፎቶ ያነሣል። ብርቄም ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው። ፊቷን ሳታዞር፣ «የሰው እናት እያገላበጥሁ አጥባለሁ። የኔን እናት ማን አገላበጣት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ልጄ። እስከ መጨረሻው እኔ ነኝ» አልኋት።

እዚያው እብነ በረዱ ላይ ቁጭ አለች። «እናት ዋ! እናቴ ዋ!» ብላ ያገራችንን ልቅሶ አለቀሰች፣ በድምፅ፣ ስምሽን እየጠራች። እዚህ እንዲህ አይለቀስም የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥሁት። ጋቢዬን አዘቀዘቅሁና ጉሮሮዬ ላይ የቀረውን ለቀቅሁት። ዘበኛው መጣ። ደግሞ ያን ወንበር ሊያመጣብን ነው ብዬ ፈራሁ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በሉ አለን። አልቻልንም። ትንሽ ቆሞ አየንና ሄደ።

ልቅሶው ሲወጣልን ተነሣን፤ እኔም እንደ ወጉ «እግዜር ያጥናሽ» አልኋት። ደጁ ላይ ጫማዬን ላጠልቅ ጎንበስ ስል አየኋት። እሷም ጫማዋ በእጇ ነበር። መቼ እንዳወለቀችው አላየሁም።

ከተመለስሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ሮም እንዴት ናት ይለኛል። ግንቡንና ምንጩን እነግረዋለሁ፤ በጎማው ወንበር ይስቃል። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ በቅዳሴ ስለ ሙታን ሲጸለይ፣ ስምሽን አንድ ጊዜ በራሴ አፍ፣ አንድ ጊዜ በብርቄ ፋንታ እጠራዋለሁ። እሷም እዚያ ሆና እንዲሁ ልታደርግ ቃል ገብታልኛለች።

ሂድና እይልኝ ያልሽኝን አይቻለሁ፣ የሻረግ። ልቧ እንደኛው ነው። አሁን ዕረፊ።

ባለቤትሽ