ከድምፅሽ የተረፈው አርባ አንድ ሰከንድ

ዲትሮይት፣ ሰኞ ከሰዓት

ውድ አክስቴ አርዲሊያ፣

ይህን ደብዳቤ በቻሪስ ስልክ እልከዋለሁ፤ ቁጭ ብላ እንድታነብልሽ ነግሬያታለሁ። ቻሪስ፣ እናትሽን የሚያስከፋ ነገር ሲመጣ መዝለል እንደምትወጂ አውቃለሁ። ዛሬ ግን እባክሽ አንድ መስመር እንዳታልፊ።

አክስቴ፣ ዋሽቼሻለሁ። ቻሪስ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስትይዝልሽ "ቅጂው እየተዘጋጀ ነው፣ ላይብረሪው ሥራ በዝቶበት ነው" እያልኩ አራት ወር ዋሸሁሽ። የሚዘጋጅ ነገር የለም።

ቤትሽን ስትለቂ ካሴቶችሽን በጫማ ካርቶን አድርገን ለቤተ መጻሕፍቱ የጥቁሮች ሙዚቃ ክፍል ሰጥተናቸው ነበር። ክፍሉ በየወሩ አንድ ዲጄ ይጋብዛል። ዲጄው ክምችቱ ውስጥ ገብቶ የወደደውን ያወጣና ቅዳሜ ከሰዓት በንባብ አዳራሹ ለሰው ያጫውታል። ሚያዝያ ላይ ተራው የእኔ ሆነ። ስነግርሽ ሰሌዳሽን አነሣሽና "ሃያ ዓመት ሰው ስታደነቁሪ ኖረሽ አሁን ደግሞ ላይብረሪ? እዚያ እኮ ማንሾካሾክ እንኳ ያስወጣል!" ብለሽ ጻፍሽ። ሳቅን። ከዚያ ጠረግሽውና "የእኔን ካሴት አጫውቺ" አልሽ።

ሐኪሞቹ ማንቁርትሽን ካወጡትና ድምፅሽ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። የትኛውን ካሴት እንደሆነ አልጠየቅሁሽም፤ አውቀዋለሁ። ዲያቆን ሉሺየስ ኦርጋን እየመቱልሽ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የቀዳሽው፣ ራስሽ የደረስሽው አንድ ዘፈን ነው። ቺካጎ ወስደው ሊያስቀርጹሽ የመጡት ሰዎች እሱን ሰምተው ነበር የመጡት። በዚያው ወር እናቴ ሞተች። አንቺ አልሄድሽም፤ እኔን የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፈሽ ቀረሽ። ይህን አንድ ቀን እንኳ አንስተሽብኝ አታውቂም። ካሴቱንም ከፍተሽ አታዳምጪውም ነበር። "መኖሩ ይበቃኛል" ትዪ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ብሮድናክስ ካሴቱን አገላብጠው አዩና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ። በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳ ተብሎ የካሴቱ ጠርዝ ላይ የተሰበረው ቀዳዳ ውስጥ፣ እንደገና እንዲቀዳ የሚያደርግ የማስቲካ ወረቀት ተጠቅጥቋል። "ማነው ሊቀዳበት የፈለገ?" አሉ እየሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ካሴቱን ከፈቱት። ኦርጋኑ ጀመረ፣ ከዚያ አንቺ ገባሽ። ድምፅሽን የረሳሁት አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ረስቼዋለሁ። ሚስተር ብሮድናክስ መነጽራቸውን አወለቁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሰሽ ትንፋሽ ስትስቢ፣ ቋ አለ። የሕፃን ልጅ ድምፅ ተከተለ፤

"እንደምን ዋላችሁ ዲትሮይቶች! ከአክስቴ ኩሽና የሚተላለፈው ሬድዮ ጣቢያችን ጀምሯል! ዲጄዋ እኔ ሬኒታ ነኝ!"

ስምንት ዓመቴ ነበር። ካሴቱን እስከ መጨረሻው አዳመጥነው፣ ገልብጠንም ሞከርነው። ስለ አየር ሁኔታ አወራለሁ፣ በድስት ክዳን ከበሮ እመታለሁ። አንድ ቦታ ላይ አንቺ ከሩቅ "ሚጣ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ ብዪ!" ስትዪ ይሰማል። ዘፈኑ ግን የለም።

"በኮምፒውተርም ቢሆን አይመለስም?" አልኳቸው።

"በላዩ ሲቀዳበት የበፊቱ ይጠፋል፣ ልጄ።"

"ከሥሩ ትንሽ እንኳ..."

"ከሥሩ ምንም የለም።"

ቅዳሜ ሐምራዊ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣሽን አድርገሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥሽ። ልነግርሽ ሁለት ጊዜ መጣሁ። ሁለቱንም ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ ሚስ ኦቪታ እጅሽን ይዛ "ዲጄዋን ያሳደገቻት ይቺ ናት! ዛሬ የእሷን ዘፈን ነው የምንሰማው!" እያለች ለሰው ታስተዋውቅሽ ነበር። ተመልሼ ሄድኩ።

የማውቀውን ብቸኛ ሥራ ሠራሁ። ከዘፈንሽ የተረፈችውን አርባ አንድ ሰከንድ እየደጋገምኩ፣ ከክምችቱ ባወጣኋቸው ከበሮዎች ላይ እየጫንኩ ዘጠኝ ደቂቃ አደረግኋት። ሰው ሁሉ ተነሣ። ሚስ ኦቪታ ከዘራዋን ለጥበቃው አስይዛ በመደርደሪያዎቹ መሃል ጭፈራውን ተያያዘችው። አንቺ ግን ከወንበርሽ አልተነሣሽም። ከንፈርሽ ከድምፅሽ ጋር ሲሄድ አየሁ። ስንኙ ሲያልቅ ከንፈርሽ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እኔ ደግሞ ወደ መጀመሪያው እመልስሻለሁ። እንደገና ታልፊያለሽ፣ እንደገና እመልስሻለሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ አደረግሁሽ።

ሲያልቅ "ሁለተኛው ስንኝስ?" ብለሽ ጻፍሽ።

"ዲጄ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አክስቴ። ሙሉው እዚሁ አለልሽ" አልኩሽ። አጠገቤ የቆሙት ሚስተር ብሮድናክስ መሬት መሬት አዩ።

"እንግዲያው ለቀብሬ ሙሉውን። የመዘምራኑን ጩኸት እንዳታመጡብኝ" ብለሽ ጻፍሽ። በማግስቱ ከቻሪስ ጋር ልትኖሪ ወደ ሜምፊስ ሄድሽ።

ባለፈው ሳምንት ቻሪስ ደውላ ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። የዚያኑ ቀን ትሬቫን የሚባል የስቱዲዮ ጓደኛዬ ዘንድ ሮጥኩ። "አርባ ሰከንድ ካለሽ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ቀሪውን በእሷው ድምፅ ይዘፍነዋል። ግጥሙን ብቻ ስጪኝ" አለኝ።

ግጥሙን አላውቀውም፣ አክስቴ። ሳህን እያጠብሽ በየቀኑ ስትዘፍኚው ያደግሁት ልጅ፣ ከሁለተኛው ስንኝ አንዲት ቃል አላስታውስም። ዲያቆን ሉሺየስ ከሞቱ ቆዩ። የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሁሉም የመጀመሪያውን ያንጎራጉሩና ቀጥ ይላሉ። "እሱን እንኳ የምታውቀው እሷው ናት" ይሉኛል። ሚስተር ብሮድናክስ የዚያን ቅዳሜ ቪዲዮ ሰጡኝና ቃሉን ከከንፈርሽ ላገኝ ሞከርኩ። የባርኔጣሽ ጥላ ፊትሽ ላይ ወድቋል፤ ጥላው ሲነሣ ደግሞ የሚጨፍር ሰው ጀርባ ይጋርድሻል።

ትሬቫን "የሆነ ቃል እንፍጠርላት፣ ማን ያውቃል?" አለ።

"እሷ ታውቃለች" አልኩትና ወጣሁ።

ጻፊልኝ ልልሽ ነበር። ትናንት ቻሪስ እጅሽ ብዕር መያዝ እንዳቃተው ነገረችኝ። ከዚህ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ዘፈንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈልግም።

ረቡዕ ጠዋት አውቶቡሱ ሜምፊስ ያደርሰኛል። የምመጣው ባዶ እጄን ነው። ስገባ ፊትሽን ወደ ግድግዳው ብታዞሪ ይገባኛል፤ ከበሩ ማዶ እቀመጣለሁ። ካላዞርሽ ግን እጅሽን ከብርድ ልብሱ በላይ አድርጊልኝ፣ መጥቼ እይዘዋለሁ።

ያሳደግሽኝ፣
ሬኒታ