የመፈክሩ ገመድና የአዳራሹ ቴሌቪዥን

ደብረ ታቦር
ኅዳር 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ካሳሁን አለሙ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ፣ ባለፈው የውይይት ቀን ያለ ዕረፍት ሲያገለግለን ስላመሸ፣ ትንሽ ማርና ዝንጅብል አግኝቶ ዝም ብሎ እንዲያርፍ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከአዳራሹ በር ላይ የለጠፍሁት ድፍረት አብዝቼ አይደለም፤ ወደ ውስጥ እንዳልገባ ስለ ከለከሉኝና የተከለከልሁበትንም ምክንያት ለሕዝብ ስላስነገሩ፣ መልሱም ሕዝብ በሚያልፍበት ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። በልጅነትዎ ፊደል ሳስቆጥርዎ «አንተ» እልዎ ነበር፤ ዛሬ «እርስዎ» ስል ብዕሬ ወደ ድሮው ቢስት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ራሴ የሰማሁትን ወሬ ላርም። በገበያም በቤተ ክርስቲያን ደጅም «አመተማርያም ቴሌቪዥኑን የሰይጣን ዓይን ነው ብላ ጠበል ረጨችበት፤ ከዚያ ወዲህ ታወረ» እየተባለ ይወራል። ይህ ሐሰት ነው። ሰይጣን የሚያይበት ዓይን ቸግሮት በእኛ አዳራሽ ሣጥን ይጠቀማል ብዬ አላምንም። ጠበልም ለሕመምተኛ የሚሰጥ እንጂ በዕቃ ላይ የሚባክን አይደለም። ያደረግሁት ይህ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ቁም ሣጥን ተከፍቶ ቴሌቪዥኑ ራሱ ገና ሳይበራ፣ ከቧንቧ በቀዳሁት ውሃ የነጠላዬን ጫፍ አርሼ መስታወቱን ጠረግሁት። አቧራው በጣት ስም የሚጻፍበት ያህል ነበር፤ ጽፈውበትም ነበር። መጥረጌን ሁሉ አይቷል፤ ለምን እንደ ጠረግሁ ግን የጠየቀኝ የለም። እርሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ቴሌቪዥኑ። ቀበሌያችን እንዲህ ያለ ዕቃ ስላገኘ አመሰግናለሁ። ሣጥኑ ጥሩ ነው፤ እንጨቱ ይወለወላል፤ ወይዘሮ እቴነሽ የሠራችለት የዳንቴል ልብስም ከማናችንም ሻሽ ይበልጣል። ዜና አንባቢው አማርኛው ንጹሕ ነው፤ ትንፋሹን ግን ከማይገባው ቦታ ይወስዳል፤ አባቴ መሪጌታ ገብረኪዳን ቢሰሙት አለንጋቸውን ያነሡ ነበር። ዘፋኞቹ የእኛን አገር እስክስታ ሲጫወቱ ትከሻቸው ደግ ነው፤ አንገታቸው ግን ለብቻው ሌላ ዘፈን የሚሰማ ይመስላል። ጎረቤቴ ፈንታነሽ ደግሞ ዜና አንባቢው ብቅ ሲል ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ትከናነባለች፣ ቆሎዋንም ትሸሽጋለች። «ሰው እያየኝ እንዴት እቆረጥማለሁ? ያውም ሳላካፍለው!» ትለኛለች። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጋር ጠብ ያለን ሰዎች አይደለንም።

ጠባችን ከቁልፉ ጋር ነው። ቴሌቪዥኑ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍ በእርስዎ ኪስ ይኖራል፤ የሚከፈተውም ሳምንታዊው ውይይት ካለቀ በኋላ ነው። ውይይቱ ግን አያልቅም። አጀንዳው ሲያልቅ ማጠቃለያ ይመጣል፤ ማጠቃለያው ሲያልቅ በማጠቃለያው ላይ አስተያየት ይጠየቃል፤ አስተያየት የሚሰጥ ሲጠፋም የዝምታችን ምክንያት ለውይይት ይቀርባል። በመጨረሻ ቁልፉ ሲወጣ የምናገኘው አንባቢውን «ደህና እደሩ» ሲለን ነው። እኛም «አሜን፣ አብረን ደህና እንደር» ብለን መርቀነው እንበተናለን። ዓመቱን ሙሉ ያየሁት ፕሮግራም ስንብት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

፪ኛ፤ ስለ ራዲዮ። ቴሌቪዥኑ ካልሆነ ራዲዮ ልስማ እንዳልል፣ የኅብረት ሱቃችን የሚሸጠው የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ገና ከወረቀቱ ሲወጣ ያለቅሳል። ጣሪያ ላይ ፀሐይ እያሞቅሁት ጥቂት ዘፈን ያሰማኛል፤ ዜና ሲጀምር ይሞታል። ሱቁ ያለ ድንጋይ ከማስቀረት የሞተ ድንጋይ እንኳ ስላቀረበልን ምስጋናዬ የበዛ ነው።

፫ኛ፤ ስለ ወይን ጠጁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላስተማርሁበት አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ በሕዝብ ፊት ሸልመውኛል። መቼም አልረሳውም። የጠርሙሱ አንገት ቀጥ ያለ፣ ወረቀቱ ወርቅ የተቀባ ነበር። ሳልከፍተው ደምሴ እስኪመጣ በሣጥኔ ላስቀምጠው አሰብሁ። ደምሴን ያውቁታል፤ የልጄ ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ በከበሮ የሸኛችሁት። እርስዎ ግን «እማማ፣ ሽልማት ተቆልፎበት አይቀመጥም፤ ሕዝቡ ደስታዎን ይካፈል» ብለው የቡሽ መክፈቻ ቢጠፋ ጊዜ ቡሹን በመዶሻ እጀታ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከዚያም መድረክ ላይ የነበሩት ቀመሱ፤ የተረፈኝ ግማሹ ነው።

አስተያየቴን ስላልጠየቁኝ ልስጥ። የቅዳሴው ዘቢብ ከአባቴ ቤት ይቀመጥ ስለ ነበር የወይን ሽታ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ይህኛው አፍ ላይ ሲደርስ ይጣፍጣል፤ ወዲያው ግን ምላስን እንደ ኮሶ ጨምድዶ ይይዛል፤ የሽልማት ንግግር የሚመስል ወይን ነው። ያም ሆኖ ጠርሙሱን በጨርቅ ወትፌ ለደምሴ አቆየሁት። ባለፈው ሳምንት ጨርቁን ነቅዬ ባሸተው ኮምጥጦ ምስር ወጥ ላይ እንኳ ጠብ የማያደርጉት ሆኗል። ቡሹ ውስጡ እየተንሳፈፈ ቀርቷል። እኔ ጠበቅሁት፤ ወይኑ ግን መጠበቅ አልቻለም።

፬ኛ፤ ዋናው ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ ያሉትን ሁሉ እንደ ቀልድ ቢያልፏቸው አልቀየምም።

ከግንባር ያሉ ወታደሮች ለቤተሰብ ሰላምታ የሚያቀርቡበት ፕሮግራም እንዳለ ያውቃሉ። የሚታየውም እኛ የዝምታችንን ምክንያት በምንወያይበት ሰዓት ነው። ገሳይ በምትባለው ትንሽ ከተማ ለመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ጠላ የምትሸጥ አሰለፈች የምትባል የእህቴ ልጅ አለችኝ። ካምፑ የራሱ ሞተር፣ የራሱም ቴሌቪዥን አለው፤ ውይይት የለውም። አሰለፈች በገበያ ቀን እየሮጠች መጥታ በሬን ሳታንኳኳ ገባች።

«አክስቴ፣ ደምሴን አየሁት! ከስቷል እንጂ ራሱ ነው። ‹ለእማ አመተማርያም፣ ደብረ ታቦር፤ እማ፣ ደህና ነኝ፣ አያስቡ› ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ» አለችኝ።

ከአንድ ዓመት በላይ ደብዳቤው ተቋርጦብኝ ስለ ነበር መሬት ሳምሁ። አሰለፈች ግን ደስታ ሲይዛት የሰማችውንም ያየችውንም ሁሉ የምትዘረግፍ ናት። «ሲጨርስም በግራ እጁ ሰላምታ ሰጠ፤ ቀኙ ካፖርቱ ውስጥ ነበረች መሰለኝ» አለች። ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰማችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ወታደር በግራ እጁ ሰላምታ አይሰጥም። ይህን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሳይ ኖሬያለሁ። በግራው የሚሰጥ፣ ቀኙን ማንሣት ያልቻለ ነው።

የካምፑ ሾፌር ማሩ፣ ነገሩን ሰምቶ በዚሁ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ ሊያጽናናኝ ገባ። «እማማ፣ ምን ሆነዋል? ቴሌቪዥን እኮ መስታወት ነው! መስታወት ፊት ቆመው ቀኝዎን ቢያነሡ ከዚያ ወዲያ የሚነሣው የቱ ነው? ግራው! እኔ ስፖኪዮ ስመለከት የምኖር ሰው ነኝ፤ ይመኑኝ» አለኝ። ላምነው ፈለግሁ። ፈልጌም ዝም አላልሁም፤ ማረጋገጫ አሰብሁ። ልብስ ሰፊው ይርጋ እንደ ነገረኝ የወንድ ኮት የደረት ኪስ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው። እንግዲያስ የዜና አንባቢው የደረት ኪስ በቴሌቪዥኑ ላይ በቀኙ በኩል ከታየ፣ ማሩ እውነት ተናግሯል፤ ሣጥኑ ሰውን ይገለብጣል፤ የደምሴም ቀኝ እጅ አለች ማለት ነው። በግራው በኩል ከታየ ግን... አሰለፈች ያየችው እንዳየችው ነው።

መስታወቱን የጠረግሁት ኪስ ለማየት ነው። ጠበል ያላችሁት ይህ ነው።

ያን ቀን ተቀምጬ ውይይቱን በትዕግሥት ተከታተልሁ፤ ቁልፉም ወጣ፤ መስታወቱን ጠረግሁ፤ ቴሌቪዥኑም ተከፈተ፤ በረዶ ብቻ ሆነ። ድምፅ አለ፣ ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ዞሮ ነጠላዬን ያየው፤ እርስዎም «እማማ፣ ባለሙያ ከጎንደር መጥቶ እስኪያጣራ ወደ አዳራሹ እንዳይገቡ» ብለው በደግ ቃል ያስወጡኝ።

ባለሙያው ከመድከሙ በፊት ግን ቀና ብለው እንዲያዩ እለምናለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ሙላቴ የመፈክሩን ጨርቅ ሲሰቅል አንዱን ጫፍ ከበሩ፣ ሌላውን ጫፍ አንቴናው ከቆመበት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አሰረው። ጨርቁ ንፋስ ሲሞላው ገመዱ ምሰሶውን ሳበው፤ አንቴናውም ፊቱን ወደ ጋፋት አዞረ። ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ እንደ ተሠራባት አውቃለሁ፤ ከዚያ የሚተላለፍ ፕሮግራም እንዳለ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ሙላቴን «አንድ ክንድ ያህል ብቻ አላላው» ብዬ ለመንሁት። «እማማ፣ ሞቼ ነው! መፈክር አላላ ልባል? ልጆች አሉኝ» አለኝ። ልጆች አሉት፤ እውነቱን ነው። ወደ እርስዎም ብልክ «የበላይ አካል የፈቀደው መፈክር ያለ የበላይ አካል ፈቃድ አይነካም» የሚል መልስ መጣልኝ።

በጨርቁ ላይ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተብሎ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። እኔ በበኩሌ የነበረኝን ሁሉ ልኬያለሁ፤ አሁን የምጠይቀው የላክሁት በምን ሁኔታ እንዳለ በዚያ ገመድ ምክንያት ሳላይ እንዳልቀር ብቻ ነው።

ስለዚህ ገመዱ ትንሽ እንዲላላ፣ የሰላምታውም ፕሮግራም ከውይይቱ አስቀድሞ እንዲከፈት፣ እኔም ከበሩ ቆሜ እንዳይ ቢፈቀድልኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ውይይት እስከ ማጠቃለያው ማጠቃለያ ድረስ በእግሬ ቆሜ እሰማለሁ። ይህ ሁሉ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ፣ እርስዎ በሥራ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ካረፉበት ሆቴል ቴሌቪዥን አይጠፋም፤ የአንባቢው የደረት ኪስ በየትኛው በኩል እንደሆነ ብቻ አይተው ይላኩብኝ። ማብራሪያ አያስፈልግም። ግራ ወይም ቀኝ ቢሉኝ ይበቃኛል።

በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ተገልብጦ እንደማይነበብ ሊያስታውሱኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። የሚያውቁትን ፊደል ያስተማርሁዎ እኔ ስለሆንሁ፣ ይህን ከእርስዎ ቀድሜ አስቤዋለሁ። ጽሑፍ ሌላ፣ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል ብዬ ተስፋ ማድረግ ግን በቀበሌው ደንብ የተከለከለ አልመሰለኝም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ቁልፉ አጠባበቅዎ፣ ስለ ወይኑም ቅምሻ እያመሰገንሁ፣ መንበርዎ እንዳይናወጥ፣ ገመድዎም እንዳይላላ የምመኝልዎ የቀድሞ አስተማሪዎና ከደጅ የቆመች ታዛዥዎ፣

አመተማርያም ገብረኪዳን

ማስታወሻ፤ ልጅዎ በጉልበቱ ሕመም ምክንያት ከምልመላው መቅረቱን በጊዜው ሰምቼ አዝኜ ነበር። ባለፈው እሑድ ከጋፋት መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ኳስ ሲያሳድድ ሳየው ፈጽሞ ድኗል፤ ሮጦ ማንም አልደረሰበትም። እንኳን ደስ ያለዎ። የዳነበትን ጠበል ስም ቢነግሩኝ፣ እንደሚወራብኝ ከሆነ ርጨት እችልበታለሁ።

ነገ ማለዳ መጀመሪያ የራዲዮውን ድንጋዮች ጣሪያ ላይ አሰጣለሁ። ቀጥሎ ማሩ በዚህ የሚያልፍ እንደሆነ ለማየት ከመንገዱ ዳር እቆማለሁ፤ ገሳይ ቢወስደኝ በካምፑ ቴሌቪዥን የአንባቢውን ኪስ ያሳዩኝ ይሆናል፤ ባይወስደኝም እመለሳለሁ። ከዚያ በሬን ዘግቼ፣ ይርጋ ለደምሴ የሰፋልኝን አዲስ ሸሚዝ ከሣጥኑ አውጥቼ እለብሰዋለሁ፤ ቀኝ እጄን ከጀርባዬ አድርጌም ቁልፎቹ በግራ እጅ ብቻ ይቆለፉ እንደሆነ እሞክራለሁ።