መጀመሪያ መውረድ

አምቦ፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለመቲ፣

አካም ጅርታ? የጌታ ሰላም ባኮ ድረስ ይድረስሽ። እኔ እሱ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። እማዬ ከአገር ቤት፣ ከሸነን፣ ገብስ ልካልኛለች፤ መቲ አሁንም እዚያው በቆሎ መጋዘን ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ ኳንተም ፊዚክስ ሳስተምር አንድ ነገር ገጠመኝ። ኦፕሬተር የምንላቸው ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ቅንጣቷን በኃይል አንድ ደረጃ ያወጣታል፣ ሌላው አንድ ደረጃ ያወርዳታል። የሚጠበቀውን ዋጋ፣ ማለትም የብዙ ልኬቶችን አማካይ፣ የምናሰላው በእነሱ ነው። ፍጹም የሚባል ተማሪዬ ቅደም ተከተላቸውን አቀያይሮ፣ «ያው ነው፣ መምህር» አለኝ። ያው አይደለም አልኩት። የመጨረሻው ታችኛው ደረጃ ላይ ያለችውን መጀመሪያ ብታወጣት፣ ስታወርዳት ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። መጀመሪያ ካወረድካት ግን ከዚያ በታች ደረጃ ስለሌለ ዜሮ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላውጣት ብትልም ዜሮ ነው።

ይህን እንዳልኩ ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። አሥረኛ ክፍልን አብረን ስንጨርስ፣ «መጀመሪያ አንቺ አቁሚ፣ እኔ ልጨርስ፣ ከዚያ አስተምርሻለሁ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። በሂሳብ የምትበልጪኝ ደግሞ አንቺ ነበርሽ።

የማታ ትምህርቱን ቅጽ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የቀደሙት ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርተው ይሆናል። ስምሽን ሞልቼዋለሁ፣ የቀረው ፊርማሽ ነው።

ፍጹም፣ «ታዲያ ዜሮን የሚያነሳ የለም ማለት ነው?» ሲለኝ ሰዓት አልቋል ብዬ ወጣሁ። ሐሙስ መልሱን ይጠብቀኛል። ምን ልበለው?

ጌታ ከፊትሽ ይቅደም።

ታናሽ ወንድምሽ ኢፋ