ሃምሳ ሁለት ነን ብለን ነበር

ውድ እህቴ ኔሬይዳ፣

በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ ትጮሂብኛለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ፈርቻለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንቺና ልጆችሽ፣ አይራምና ዮናይ፣ ከካራካስ ወደ ደሴታችን መጥታችሁ እኔ ዘንድ ስትቀመጡ ማዘጋጃ ቤት በነዋሪነት አስመዝግቤያችሁ ነበር። ስትመለሱ አላሰረዝኳችሁም። መጀመሪያ ረስቼው ነው፤ በኋላ ግን ሆን ብዬ ነው። ሐኪሟ ማክሰኞና ዓርብ ወደ መንደራችን የምትመጣው ነዋሪው ከሃምሳ እስካላነሰ ድረስ ነው ተብለናል። መዝገቡ ላይ ሃምሳ ሁለት ነን። እናንተ ሦስታችሁ ስትቀነሱ ስንት እንደሚቀር አስቢው። ልቤን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ባለፈው የብርድ ወራት ሁለት ጊዜ ልትከዳኝ ነበር። በዚያ ጉም ተራራውን አልፎ ሆስፒታል ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እኔ አንድ ሰዓት የምቆይ አይመስለኝም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሴሌስቲኖ፣ ያ ባለፍየሉ ጎረቤታችን፣ እያለከለከ መጣ።

«ብራውሊያ፣ ጉድሽ ፈላ! ከከተማ ሰው ቆጣሪ መጥታለች። ወረቀት አይደለም የምታየው፣ ቤት ለቤት እየዞረች ሰውን በዓይኗ ነው የምታየው!»

ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለሽ? አልጋችሁን አነጠፍኩ። ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ደረደርኩ፤ ለልጆቹም ጎፊዮ፣ ያን የተቆላ እህል ዱቄታችንን፣ በወተት በጠበጥኩ። በሰባ ሦስት ዓመቴ!

ቆጣሪዋ ዳሲል ትባላለች፤ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት።

«እማማ፣ ልጆቹ የት አሉ?» አለችኝ።

«ከእናታቸው ጋር ባሕር ወርደዋል።»

«በዚህ ማዕበል?»

ሴሌስቲኖ ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። «ኧረ አሁን ተራራው ላይ ፍየሎቼን ሲያባርሩብኝ ነበር፣ እነዚህ ዋልጌዎች!» ብሎ ጥልቅ አለ። እኔ ባሕር ሰደድኳቸው፣ እሱ ተራራ አወጣቸው።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሳህኖቹን በጣቷ ቆጠረቻቸው።

«እማማ፣ ይሄ አሥረኛ ቤቴ ነው» አለች። «በሁሉም ቤት ሳህን ተደርድሯል። የአባባ ሴሌስቲኖም አራት ልጆች ባሕር ወርደዋል ተብያለሁ። ሃምሳ ሁለት ስም ይዤ መጥቼ እስካሁን ያየሁት ከእናንተ ጋር አሥራ አንድ ሰው ነው። የቀረኝ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ተቆልፏል።»

ሴሌስቲኖ ባርኔጣውን አወለቀ።

ኔሬይዳ፣ የማን ልጅ እንደሄደ አንድ በአንድ እናውቃለን። ደምረነው ግን አናውቅም። በየአራት ዓመቱ የእመቤታችን ምስል በትከሻ ተይዛ ከተራራው ስትወርድ፣ ለበዓሉ የሄደው ሁሉ በመርከብ ይመጣል፤ መንገዱ በጭፈራ ይሞላል፤ እኛም ያን ቀን ያየነውን ሰው በዓይናችን ይዘን አራት ዓመት እንኖራለን። የምዋሸው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሦስት ስም ምን ያደርጋል፣ የሌላው እውነት ይሸፍነዋል ብዬ ነበር።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

ሴሌስቲኖን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል።

«አንድ» አልኩ። ጻፈችው። እንዲህ ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ከሄደች በኋላ አለቀስኩ።

ሐኪሟ የምትመጣው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው አሉ። ነይ አልልሽም፤ አንቺም የራስሽ ኑሮ አለሽ። ግን ስማችሁን ያቆየሁት ለሐኪሟ ብዬ ብቻ ሳይሆን ስለናፈቅሽኝም እንደሆነ እወቂልኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሴሌስቲኖ በየማለዳው በሬን ያንኳኳል። «አለሽ?» ይላል። «አለሁ» እላለሁ። እሱም ፈርቷል፤ ድምፁ ያስታውቃል። አድራሻሽን ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። የማታውቂው የእጅ ጽሑፍ ያለበት ፖስታ ከመጣልሽ፣ እባክሽ ቁጭ ብለሽ ክፈቺው።

እስከዚያው አለሁ፣
እህትሽ ብራውሊያ