ስለ እንግሊዛዊው ቤታችንና ስለተነሣው የለቅሶ ድንኳን

ለሰፈራችን ታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ሎስ አንጀለስ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለው እንግሊዛዊ ቤታችን ጣሪያው፣ ጡቡና ጭስ ማውጫው ደህና መሆናቸውን በማብሰር እጀምራለሁ። ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ ታላቅ ወንድሜ ወንዳፍራሽ፣ ባለፈው ሳምንት ሞቷል፤ እሱ ግን በኮሚቴው ከሚጠበቁት ውስጥ አልነበረም።

1. ለቅሶ ለመቀመጥ ከቤቱ ፊት የተከልነው ድንኳን «ታሪካዊ ገጽታውን ይጋርዳል» ብለው በማግሥቱ እንዲነሣ ስላዘዙን እናመሰግናለን። የተጋረዱት ግድግዳው ላይ ያሉት ጥቁር እንጨቶች ናቸው፤ ቤቱ እንግሊዝ አገር ያለ እንዲመስል በምስማር ተመቱ እንጂ የሚሸከሙት ነገር የለም። ሐዘንዎን የገለጹበት የደብዳቤዎ የመጀመሪያ አንቀጽም እንደዚሁ ለጌጥ የገባ መሆኑን ተረድተናል።

2. ለድንኳን ፈቃድ ከሁለት ወር በፊት ማመልከት እንደሚገባ ገልጸውልናል። ወንድሜ ኮሚቴውን ሳያማክር በድንገት በመሞቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።

3. ባለሙያዎ ፎቶ ሊያነሣ ሲመጣ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ጢሞቴዎስ የወንዳፍራሽ የሥራ ባልደረባ መስሏቸው ክንዱን ይዘው አስቀመጡት፤ «አይዞህ ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን፤ በል ቅመስ» ብለው ሳህን አስያዙት። እሱም ቀመሰ። ከትዕዛዙ ጋር በላኩልን ፎቶ ጥግ ላይ ሳህኑ ይታያል፤ ምስር እንደተጨመረለት ያወቅነው ከዚያ ነው።

4. ድንኳኑን በተባልነው ሰዓት ነቀልን። ጋርዴና ከተማ፣ እህቴ ዘንድ የምትኖረው እናቴ እታገኘሁ በዊልቸር ነው የምትሄደው፤ ደረጃውና ጠባቡ ቅስት በር ደግሞ እንዳይነኩ የተጠበቁ ናቸው። ስለዚህ በልጇ ሰልስት ቀን ደጁ ላይ ፓርክ ባደረግኩት መኪና ውስጥ ተቀመጠች፤ ለቀስተኛው ከመኪና ሳይወርዱ ምግብ እንደሚገዙበት «ድራይቭ ስሩ» ተሰልፎ፣ በመስኮቱ እያጎነበሰ አጽናናት። ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ጠይቄያለሁ። በመሀል ቀና ብላ እንጨቶቹን አየችና፣ «ቤቱስ ማን ሞቶበት ነው ጥቁር የለበሰው?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ለኮሚቴው አቀርባለሁ።

ለእንጨት ያለዎት ርኅራኄ ምስጥ ሳይደርስበት ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሰይፈሥላሴ፣
ምንም ካልጋረደው ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎ ጃኬቱን ወንበር ላይ ረስቶ ሄዷል። በእኛ ደንብ ለቅሶ ደርሶ የበላ ሰው ለአርባውም ይጠራልና እንጠብቀዋለን። ድንኳን ስለሌለ ውጭ ይቆማል፤ ከዚያ ላይ ገጽታው በደንብ ይታያል።